ከወጣሽ አይቀር

«የእውነት የታመመ ሰውማ አይራመድም» አሉ አማቷ ከጣውላው ግድግዳ ማዶ። «እኔን ጠይቀኝ። ወገቤን የያዘኝ ጊዜ ሦስት ወር ሙሉ ከአልጋ አልወረድኩም። እሷ ግን ይኸው ስትወጣ ስትወርድ ነው የምትውለው። እንዲህ ያለ በሽታ ገና ዛሬ ማየቴ ነው።»

ምራትየዋ ይህን የሰማችው አንዱን ጫማ አጥልቃ ለሁለተኛው ወኔ ስታጠራቅም ነበር። የቀኙ ምንም አይል። ጎንበስ ብላ የግራውን ማጥለቅ ካቃታት ግን አራት ወር አለፋት፤ ዘዴው ጫማውን መሬት ጥሎ፣ የቁም ሳጥኑን እጀታ በሁለት እጅ ጨብጦ፣ ጣቶችን በዳበሳ ማስገባት ነው። ተረከዟ ሊገባ ሲል ያ ነገር ይነሳል። ከመቀመጫዋ ይጀምርና በጭኗ ጀርባ፣ በባቷ፣ በቁርጭምጭሚቷ ወርዶ ትንሿ ጣቷ ላይ ይቆማል። ሌላ ሕመም አንድ ቦታ ይዞ ይቀመጣል፤ ይሄኛው መንገደኛ ነው። አንዳንድ ቀን ያቃጥላታል፣ አንዳንድ ቀን ባዶ ሽቦ እንደነካች ይነዝራታል። ከሁሉ የምትፈራው ግን ጭራሽ የማይሰማትን ቀን ነው፤ ያን ቀን እግሯ የሌላ ሰው እግር ይመስላታል።

ቤቱ ድሮ አንድ ክፍል ነበር። አማቷ ጠቅልለው የመጡ ጊዜ ባሏ መሀሉን በጣውላ ከፈለው። ጣውላው ለዓይን ግድግዳ ነው፤ ለጆሮ ግን የመጋረጃን ያህል እንኳ አያገለግልም። ስለዚህ በዚህ ቤት ሰው የሚታማው ፊት ለፊት ነው ማለት ይቻላል፤ ልዩነቱ የታማው ሰው መልስ መስጠት አለመቻሉ ብቻ ነው።

«ብርድ ነው እማዬ፤ ያልፋል» አለ ባሏ። ባሏ ፀጉር አስተካካይ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ነጭ ጋውን ለብሶ ስለሚውል ይሁን አይታወቅም፣ መድኃኒት ማዘዝ አይፈራም። አንገቱ ላይ ጨርቅ ታስሮለት ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ደንበኛ ሁሉ ስለ ወገብ የሚያውቀው ነገር አያጣም። አንዱ ብርድ ነው ይለዋል፣ ሌላው ደም ሥሯ ዞሮባት ነው ይለዋል፣ ሦስተኛው ምቾት ነው ብሎ ይስቃል። እሱ የሰማውን ሁሉ ማታ በሙሉ እምነት ይዞላት ይመጣል። ባለፈው ወር ጠንካራ ነገር ላይ መተኛት ነው የሚያድናት ብለውት፣ ከግድግዳው የተረፈውን ጣውላ ከፍራሹ ሥር አነጠፈላት። ጠዋት እንደተጣጠፈ ሸሚዝ ሆና ስትነሳ «ይኸው፣ መሥራት ጀመረ! ሕመሙ እየወጣ ነው» አለና ደስ ብሎት ወደ ሥራው ሄደ። ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ቢሆን ኖሮ እንኳ ይቀላት ነበር።

ውሃ በዚህ ሕንፃ ከሁለተኛው ፎቅ በላይ አይወጣም፤ እነሱ ያሉት አራተኛው ላይ ነው። ከግቢው ቧንቧ እስከ በራቸው ስልሳ ስምንት ደረጃ ነው፤ ቆጥራዋለች። ባለ ሃያ ሊትሩን ጀሪካን ጠዋት አንዴ፣ ማታ ሁለቴ እሷ ታወጣዋለች። አማቷ በምርኩዝ የሚሄዱ ሴት ናቸው፤ ምርኩዝና ጀሪካን አብረው አይሄዱም። ባሏ ክንዱን አንስቶ ሲቆርጥ ስለሚውል ክንዱ ማረፍ አለበት። የቀረችው እሷ ናት። ሕመሟን ይዛ ውሃ ስታመላልስ፣ ማመላለሷ አለመታመሟን አስመሰከረባት። አማቷም ቢሆኑ በየቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ምርኩዛቸውን አንኳኩተው ይወጣሉ፤ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ አንዲት በሽተኛ ጓደኛ አለቻቸው፣ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ያልዳነች፣ ያልሞተችም። እሳቸው ሲወጡ ግን የሕንፃው ሰው ሁሉ ከመንገድ ዞር እያለ «እንዲያ ሆነው እንኳ ሰው ይጠይቃሉ!» ይላል። ምርኩዝ ያለው ሲራመድ ጀግና ነው፤ ምርኩዝ የሌለው ሲራመድ ጤነኛ ነው። ምራትየዋ ይህን ታውቃለች፤ ዝም አይነቅዝም ብላ ዝም ብላለች።

ዛሬ ሕክምና ልትሄድ ነው። ለአለቃዋ ነግራ አስፈቅዳለች፤ ለቤት ሰው ግን አልተናገረችም፣ «ወጣ ልበል» ነው ያለችው። «ከወጣሽ አይቀር ቆሻሻውን ይዘሽ ውረጂ» አሉ አማቷ። «ከወጣሽ አይቀር ፎጣዎቼን ላውንደሪ አድርሺልኝ» ብሎ ባሏ አሥራ ሁለት የፀጉር ቤት ፎጣ በፌስታል አስታቀፋት። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ጎረቤቷ በሩን ከፈት አድርጋ «እሰይ አንቺ ነሽ? ከሄድሽ አይቀር ይቺን ለጫማ ሰፊው ጣል አድርጊልኝ» ስትል ተረከዙ የወለቀ ጫማ ጨመረችላት። በዚህ ሰፈር ባዶ እጁን የሚሄድ ሰው ታይቶ አይታወቅም። ክፋት አይደለም፤ ባዶ ታክሲ ሲያልፍ ሰው ሁሉ እጁን እንደሚያነሳው ያለ ነው። ግቢው በር ስትደርስ ሁለት እጇም፣ አንድ ብብቷም ሥራ ይዟል።

የፊዚዮቴራፒ ክፍሉ ከጤና ጣቢያው ጓሮ ነው። ካርድ ሰማንያ፣ ምርመራ ሁለት መቶ ሃምሳ። እሷ የምትሠራው ላውንደሪ ቤት ነው፤ ሥራዋ ልብስ መተኮስ፣ ስሟም እዚያ «ተኳሿ» ነው፣ ለአንድ ሸሚዝ አሥር ይታሰብላታል። የምርመራው ደረሰኝ ሲቆረጥላት ሃያ አምስት የተተኮሰ ሸሚዝ በመስኮቷ ቀዳዳ ሲገባ ታያት። ባለሙያዋ ልጅ እግር ሴት ነበረች። ፌስታሉንና ጫማውን አይታ ምንም አላለችም፤ አስቀምጣቸው ብቻ «የትኛው እግርሽ ነው?» አለቻት። ተኳሿ መልሱ ጠፋባት። ጥያቄው ከብዷት አይደለም፤ በአራት ወር ውስጥ የትኛው እንደሆነ የጠየቃት ሰው ስላልነበረ ነው። ባሏ እንኳ ሲያወራ «እግሯን» ነው የሚለው፣ ሁለቱንም በጅምላ። «ግራ» ለማለት አፏን ስትከፍት እንባዋ ቀደማት፤ አፈረች፤ በባሏ ፎጣ ጠረገችው።

በጀርባዋ አስተኝታ እግሮቿን ቀጥ እንዳሉ ተራ በተራ አነሳችላት። ቀኙ ሽቅብ ሄደ። ግራው ሁለት ስንዝር ሳይነሳ ያ መንገደኛ ከመቀመጫዋ እስከ ጣቷ በረረና አስጮሃት። «እሱ ነው!» አለች ባለሙያዋ፣ የጠፋ ዕቃ እንዳገኘ ሰው ደስ ብሏት። «ሳያቲካ ይባላል። ከወገብ ተነስቶ እስከ እግር ጣት የሚወርድ ወፍራም ነርቭ አለ። ወገብሽ ላይ፣ ካጥንቶቹ መሀል ያለው ዲስክ ገፋ ብሎ ተጭኖታል። የተነካው ወገብሽ ነው፤ የሚጮኸው እግርሽ ነው።»

በእኛም ቤት እንዲሁ ነው፣ አለች ተኳሿ በሆዷ፤ የሚነካው ሌላ፣ የሚጮኸው ሌላ። «ስለዚህ ልተኛ?» ብላ ጠየቀች፣ በትንሽ ተስፋ።

«እንዳትተኚ! ድሮ ተኙ ይባል ነበር፤ መተኛት ያደርቀዋል እንጂ አያድነውም። ጠዋት ሃያ ደቂቃ፣ ማታ ሃያ ደቂቃ ትራመጃለሽ። ስትተኩሺ አንድ እግርሽን ትንሽ ሣጥን ላይ አሳርፊና እየለዋወጥሽ ቁሚ። ስትተኚ በጎንሽ፣ በጉልበቶችሽ መሀል ትራስ አድርገሽ። ያንን ያልሽኝን ጣውላ ጣይው። ከአምስት ኪሎ በላይ አታነሺ፤ ያንኑም ስታነሺ ወገብሽን አትጠፊ፣ ከጉልበትሽ ዝቅ በይ።»

«የት ነው የምራመደው?»

«የትም። ዝም ብለሽ።»

«ምን ይዤ?»

ባለሙያዋ መጻፏን አቆመች። «ምንም ሳትይዢ። ባዶ እጅሽን።»

ተኳሿ ሳቀች፤ ነገሩ ነውር ነገር መሰላት። ትልቅ ሴት፣ ባለትዳር፣ ምንም ሳትይዝ ወደ የትም። ባለሙያዋ ግን አልሳቀችም። ስድስት ሳምንት እንዲህ ካደረገች ከአሥር ሰው ዘጠኙ እንደሚሻለው፣ መሸከሙን ከቀጠለች ግን እግሯ መጎተት እንደሚጀምር፣ ያኔ ወሬው ስለ ኦፕሬሽን እንደሚሆን፣ ካውያ ፊት ቆሞ መዋልም እንደሚያበቃ ነገረቻት። ሽንቷን መቆጣጠር ካቃታት ወይም እግሯ ከከዳት አንድ ቀን እንዳታድር አስጠነቀቀቻት። ሁሉንም በወረቀት ጽፋ ማህተም መታችበት። ተኳሿ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አጥፋ ጡት መያዣዋ ውስጥ ከተተችው። በአራት ወር ውስጥ ስለ እሷ የተጻፈ የመጀመሪያው እውነት ነበር፤ ማህተም ካለበት ደግሞ ማን ይክዳል?

የላውንደሪው ባለቤት ለደንበኛ ሁሉ «ይደርሳል፣ ይደርሳል» ማለት ስለሚያበዛ ሠራተኞቹ ከጀርባው ጋሽ ይደርሳል ይሉታል። ወረቀቱን ከእንፋሎቱ ራቅ አድርጎ ይዞ፣ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፍቶ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ እስከ ማህተሙ አነበበው። ስለ ሣጥኑ የተጻፈው ላይ ሲደርስ ሣጥን የለንም አለ። ስለ አምስት ኪሎው ሲደርስ ራሱን ነቀነቀ። መራመዱ ላይ ሲደርስ ግን ፊቱ በራ። አድራሹ ከሥራ ከቀረ ሦስተኛ ቀኑ ነበር፤ መደርደሪያው ላይ ለየደንበኛው ቤት የሚሄድ የተተኮሰ ልብስ እስከ ጣሪያ ተከምሯል። «ይኸውልሽ» አላት በአባት ድምፅ፣ «እኔ በሠራተኛዬ ላይ የምጨክን ሰው አይደለሁም። ሐኪም ተራመጂ ካለሽ ትራመጃለሽ። ከምትራመጂ አይቀር እነዚህን አድርሺ።»

«እሺ፣ ሸሚዞቼስ ጋሼ? እስከዚያ የምተኩሳቸው?»

«እነሱን ሌላዋ ትተኩሳለች።»

«የማድረሱ ስንት ነው የሚታሰብልኝ?»

ጋሽ ይደርሳል ከልቡ ተገረመ። «ለመድኃኒትሽማ አልከፍልሽም መቼም!» አለ። ልብስ አጣፊዋ ከጥግ ሆና ፊቷን አንሶላ ውስጥ ቀብራ ስትስቅ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ሳቋ ሲያልቅ ግን ብቅ አለችና «ከሄድሽ አይቀር ስትመለሺ ሁለት ዳቦ» አለቻት። ተኳሿ ሁለት ሙሉ ልብስ በመስቀያ ትከሻዋ ላይ አንጠለጠለች፣ አንድ እስር አንሶላ አቀፈችና ወጣች። አንሶላው ብቻውን ስምንት ኪሎ ይሆናል። ወረቀቱ ጡቷ ላይ ሆኖ ሲኮሰኩሳት ተሰማት።

አንሶላው የሚሄደው ወደ አንድ እንግዳ ማረፊያ ነው። መንገዱ ተቆፍሯል፤ አዲስ የተደፋ ጠጠር ላይ ስትሻገር አንዷ ዘላ ቀኝ ጫማዋ ውስጥ ገባች። ለማውጣት ጎንበስ ማለት ያስፈልጋል፤ ጎንበስ ለማለት እስሩን ማስቀመጥ ያስፈልጋል፤ መሬቱ አቧራ ነው፣ አንሶላው ነጭ ነው። እንዲሁ ትሂድ ተባለና ጠጠሯን ላለመርገጥ በቀኟ እያነከሰች ደረሰች። የማረፊያው ዘበኛ መጋረጃውን እዚያው ለመተኮስ ስትመጣ በየሳምንቱ ያያታል። ባለፉት አራት ወራት ወደ ግቢው የገባችው ከንፈሯን ነክሳ፣ ላብ ግንባሯ ላይ ችፍ ብሎ፣ ደረጃውን በእንባ እየወጣች ነበር፤ እሱ ግን ከሰላምታ አልፎ አያውቅም። ዛሬ ስታነክስ ሲያያት ከወንበሩ ተፈናጠረ።

«ኧረ እህቴ! ኧረ ምነው! ስጪኝ እባክሽ፣ በዚህ እግርሽ?» እስሩንም ልብሱንም ነጠቃት።

«ምንም አይደል፣ ጠጠር ገብቶብኝ ነው» አለች።

«አይ አንቺ! ችለሽው ነው እንጂ!» አለና ወንበሩን ጎትቶ አስቀመጣት። ዕቃውን ራሱ አድርሶ ወረደ፤ ውሃ በብርጭቆ አመጣላት፤ አክስቱም እንዲሁ ሆነው እንደነበር አጫወታት። ተኳሿ ውሃውን እየጠጣች አሰበች። ለአራት ወር እውነተኛ ሕመም አንድም ሰው ዘወር ብሎ አላያትም፤ ለአንዲት ጠጠር ወንበር፣ ውሃ፣ የአክስት ታሪክ። ልትናደድ ፈለገች፤ የመጣባት ግን ሌላ ሐሳብ ነው። ስትነሳ ጠጠሯን አላወጣቻትም።

ቤት ስትደርስ አሥራ አንድ ሰዓት አልፏል፤ አማቷ ወደ ጓደኛቸው ወጥተዋል፤ ባሏ ቀደም ብሎ ገብቷል። ወረቀቱን ሰጠችው። ማህተሙን አይቶ አከበረው፣ ከዚያ ቆሞ እንደ ጋዜጣ ጮክ ብሎ አነበበው፣ «ሳያቲካ» የሚለውን ለነገ ደንበኞች እንዲሆነው ሁለቴ ደገመው። «ከአምስት ኪሎ በላይ» ላይ ሲደርስ ቆመ። የፀጉር መቁረጫ ቶንዶሱን እንኳ ከኪሱ ሳያወጣ ወደ ውጭ ሮጠ። ሩብ ሰዓት ያህል ቆይቶ ሲመለስ አራት አዲስ ባለ አምስት ሊትር ጀሪካን፣ ሁለት ቢጫ፣ ሁለት ሰማያዊ፣ በገመድ አሳክቶ አመጣ። «አንዱ ሠላሳ አምስት ነበር፣ ተከራክሬ በሠላሳ ወሰድኳቸው» አለ እያለከለከ። «አየሽ? ሃያውን ለአራት ከፈልነው! አንድ አንዱን ነው የምታመጪው። አራት ጊዜ ትመላለሻለሽ ማለት ነው፤ መራመዱም በዚያው ተደረሰ!»

ፊቱን አየችው። ለልደቷ ስጦታ ያመጣ ልጅ ይመስል ነበር። አንድ ሺህ ነገር ጉሮሮዋ ድረስ መጣ፤ አራት ወር ሙሉ እንደነገረችው፣ ጣውላው፣ ብርዱ፣ ሁሉም። ነገር ግን ማህተም ያላሳመነውን ምላስ አያሳምነውም። ከአልጋው ጠርዝ ተነስታ ወደ ጀሪካኖቹ ሄደች፤ በቀኟ እያነከሰች፣ ጠጠሯ በየእርምጃው እየቆነጠጠቻት፣ ፊቷም ያለ ትወና እየተጨማደደ።

ጀሪካኖቹ ከእጁ ወደቁ። «ምን ሆነሽ ነው?» አለ። «እንዲህ ያነክስሻል እንዴ? እንዲህ እንደሆነ መቼ ነገርሽኝ?»

«ነገርኩህ እኮ።»

«‘ያመኛል’ አልሽ እንጂ ያነክሰኛል አላልሽም!» የምር ደንግጧል። ትከሻዋን ይዞ አስቀመጣት፣ ትራስ ደገፈላት፣ ጣውላውን ከፍራሹ ሥር ጎትቶ ከበሩ ኋላ አቆመው። ውሃውን ራሱ እንደሚያመጣ፣ ዛሬም ነገም እሱ እንደሚያመጣ ማለ። ሐኪሟ ያዘዘችውን ሃያ ደቂቃ መራመድ አለብኝ ስትለው ሊከራከራት ሞከረ፤ ወረቀቱን አሳየችውና ተወ። በሩ ላይ ስትደርስ፣ ከልማዱ የተነሳ፣ «ከወጣሽ አይቀር...» አለና እግሯን አይቶ ዝም አለ። ያቺ ዓረፍተ ነገር ሳትጨረስ ስትቀር በትዳር ዘመኗ የመጀመሪያው ነው።

ደረጃውን በቀኟ እያነከሰች ወረደች። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ጎረቤቷ በሩን ከፈተች፣ አየቻት፣ «እኔን!» ብላ ዘጋችው። ግቢው ውስጥ ያሉት ዞር አሉላት። ባዶ ሁለት እጆቿ የት እንደሚቀመጡ ጠፋቸው፤ መጀመሪያ አቀፈቻቸው፣ ከዚያ ጎኗ ላይ ለቀቀቻቸው፤ እንደ ሰው እጅ ሲወዛወዙ ገረማት። ከማዕዘኑ ወዲያ የትምህርት ቤቱ የኋላ አጥር ነው፤ ረጅም፣ መስኮት የሌለው፣ በር የሌለው፣ «ወዴት ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው የሌለበት። ግድግዳውን ተደግፋ ቀኝ ጫማዋን በእግሯ አወለቀች፣ ገልበጥ አድርጋ አራገፈችው። ጠጠሯ ወደቀች። ቀና አለችና መራመድ ጀመረች። ግራ እግሯ መጀመሪያ እንደ ሁልጊዜው አጉረመረመ፤ ሃምሳ እርምጃ ያህል ስትሄድ ግን መንገደኛው ከባቷ ወደ ጭኗ፣ ከጭኗ ወደ መቀመጫዋ ሲመለስ ተሰማት። ደስ አላት። ብቻዋን ፈገግ አለች።

ከአጥሩ ወዲያኛው ጫፍ አንዲት ሴት ይመጣሉ። ቀሚሳቸውን በአንድ እጅ ሰብሰብ አድርገው፣ ክንዳቸውን እያወናጨፉ፣ ባቡር እንዳያመልጠው እንደሚሮጥ ሰው እየገሰገሱ ነው። ብብታቸው ሥር፣ ዝናብ በሌለበት ቀን እንደሚያዝ ጃንጥላ፣ ምርኩዝ ሸጉጠዋል። ተኳሿ መጀመሪያ ያወቀችው ምርኩዙን ነው።

ሁለቱም ቆሙ። አማቷ ምርኩዙን አውርደው መሬት ሊያስነኩ ቃጡና ተዉት፤ ምን ዋጋ አለው። አንድ ብስክሌት በመሀላቸው አለፈ።

«ጓደኛዎ እንዴት ዋሉ፣ እማማ?» አለች ተኳሿ።

«ደህና ናት» አሉ አማቷ። «እየተሻላት ነው።» ከላይ እስከ ታች፣ ባዶ እጆቿን ጭምር አዩና ገባቸው፤ «ላንቺ ስንት ታዘዘልሽ?»

«ሃያ ደቂቃ።»

«ለእኔም ያኔ ሃያ ነበር። አሁን አንድ ሰዓት እሄዳለሁ።» አጥሩን ተደገፉ። «ሦስት ወር ተኝቼ ያልተሻለኝን መራመዱ በሁለት ወር አዳነኝ፤ ከዳንኩ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። ምርኩዙን የጣልኩ ዕለት ግን ያኔ የነበርኩበት ቤት ሰው ሁሉ ‘ከዳንሽ አይቀር’ ብሎ የአምስት ሰው ልብስ አስታቀፈኝ። በማግስቱ አነሳሁት።»

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ ጤናውን ስለደበቀ ሰው ግን የተባለ ነገር ትዝ አላላትም። ስልሳ ስምንት ደረጃ፣ በቀን ሦስት ጊዜ፣ አራት ወር። «እኔ ያንን ሁሉ ውሃ ስሸከም ያዩኝ ነበር እማማ» አለች። «ጠዋት ደግሞ የታመመ አይራመድም አሉ።»

«እንድትሰሚው ነው ያልኩት። ለእሱማ ምን ያደርግለታል? ግድግዳው ጣውላ መሆኑን መቼ አጣሁት!» እውነት ይሁን እዚያው የፈለሰፉት አያስታውቅም። የምራታቸውን ፊት አይተው ግን ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ምርኩዙን ብጥል ተሸካሚዋ እኔ ነበርኩ» አሉ። «ፈራሁ።» ይቅርታ አልነበረም። እውነት ግን ነበር፤ ተኳሿም እውነትነቱን ወገቧ ነገራት።

አማቷ ምርኩዙን ከብብታቸው አወጡና ጫፉን ወደ ማዕዘኑ፣ ጠጠሯ ወደወደቀችበት አመለከቱ። «ደግሞ ምን ሆነሽ ነው በቀኝሽ የምታነክሺው? ከዚህ ሆኜ ሳይሽ ነበር። የሚያምሽ ግራሽ አይደል?»

ተኳሿ ወደ ግራ እግሯ አየች። «በምን አወቁ?»

«አራት ወር ሙሉ ጠዋት ጠዋት ጫማ ስታጠልቂ እሰማሻለሁ። የቀኙን ጊዜ ድምፅም የለሽ። በግራው ጊዜ ቁም ሳጥኑ ይንጫጫል፣ ትንፋሽሽም ይቆማል፤ የእኔም ትንፋሽ አብሮ ይቆማል። ልጄ ሞኝ ስለሆነ ዛሬ አልፎሽ ይሆናል፤ ነገ አንዱ ያነቃብሻል። በግራሽ አንክሺ። ለእሱ ደግሞ ጠጠር አያስፈልግሽም።»

ልትስቅ ይሁን ልታለቅስ ሳታውቅ ሁለቱም መጡባት። አማቷ ጠብቀው ቆሙ፤ ሲያልፍላት ጎን ለጎን መራመድ ጀመሩ። አጥሩን አራት ጊዜ ተመላለሱ። ብዙ አላወሩም። አሮጊቷ ፈጣን ነበሩ፤ ምራትየዋ ለመድረስ ትቸገር ነበር። ሃያ ደቂቃው ሲሞላ ወደ ማዕዘኑ ሄዱ። ማዕዘኑ ጋ ሲደርሱ አማቷ ወገባቸውን አጎበጡ፣ ምርኩዙ መሬት ወረደ፣ ፊታቸውም በአሥር ዓመት አረጀ፤ ምራትየዋም በግራዋ ማነከስ ጀመረች።

ባሏ የደረጃው ሥር ላይ አራቱን ጀሪካን አስቀምጦ፣ አንድ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ቆሟል። ሦስተኛ ዙሩ ነው። ሲያያቸው ሊስቅ ሞከረ። «ሳነሳ እዚህ ጋ ቋ አደረገኝ» አለ የወገቡን ጎን እየዳበሰ። «ሲያዝ ለካ እንዲህ ነው?»

«ብርድ ነው፤ ያልፋል» አሉ እናቱ ምርኩዛቸውን ተደግፈው፣ ደረጃውን አንድ ባንድ እየወጡ።

ተኳሿ አዘነችለት፤ የምር አዘነችለት፤ ያንን ቦታ ታውቀዋለች። ጠጋ ብላ እጁን ከወገቡ ላይ አነሳችለት። «ስታነሳ ወገብህን አትጠፍ» አለችው በለሆሳስ፤ «ከጉልበትህ ዝቅ በል። ሁለት ሁለቱን ውሰድ፤ አራቱንም አንዴ አይደለም።»

ጀሪካኑን ግን አልተቀበለችውም።